ብርቄ የነጠቀችው ጉርሻ

እኛ ሰዎች እጃችን አያርፍም። እንግዳ ገበታ ላይ ከቀረበ በገዛ እጁ ይበላል ብለን አናምንም፤ ሁለት እጅ ይዞ መምጣቱን እያየን ጠቅልለን አፉ ውስጥ እንከትለታለን። እምቢ ሲል «በሞቴ» እንላለን። ሲቀበለን ደግሞ «አንድ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውን እናስከትላለን። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ብሎ የተረተውስ ሌላ ማን ሆነና! እኔም በዚሁ ተረት ያደግኩ ነኝ፤ አጎራረሴ በዘመድ ዘንድ የተመሰገነ ነበር። አሁን አሁን ግን ተረቱን ስሰማ ደስ አይለኝም።

ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ። ነርስ ነኝ። የምሠራው ከ18 ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ ሲኬድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች በሚኖሩበት ቤት ነው። አዋቂዎች ማለቴን ልብ በሉልኝ። ትልቁ ስልሳ ሊሞላው ነው፤ ጠያቂው ሁሉ ግን «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ይለኛል። የሥራ መደቤ «ኬዝ ማኔጀር» ይባላል። ሲፈታ፣ የእያንዳንዱን ነዋሪ ፋይል የምይዝ፣ ምን እንደሚውጥ፣ መቼ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄድ፣ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሳይቀር በዕቅድ የማሰፍር፣ በመጨረሻም የምፈርም ሰው ነኝ ማለት ነው። ፊርማ ደግሞ ክፉ ነገር ነው። አንዴ ካረፈ ማንም አይጠራጠረውም፤ ፈራሚው ራሱ ጭምር።

ከነዋሪዎቻችን አንዱ ዘነበ ነው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፤ ሲደሰት ያጨበጭባል፣ ሲከፋው ጃኬቱን ራሱ ላይ ይከናነባል። ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኛብን። በሦስተኛው ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት ሳየው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚተርፍ አልመሰለኝም። ጥፋተኛው ግን ከመጀመሪያውም ታውቋል፤ የቀራንዮ ብርድ! መስኮቱን አሸግን። ገላውን የሚታጠበው ፀሐይ ሲበረታ ብቻ እንዲሆን አዘዝኩ። የሰፈሩ የጸሎት ቤት እናቶች የሱፍ ኮፍያና ስካርፍ ሠሩለት። ሰውዬው በጠራራ ፀሐይ ተጠቅልሎ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ያም ሆኖ ይስላል።

የሆስፒታሏ ወጣት ሐኪም ፋይሉን አገላብጣ አየችና፣ «ሲስተር፣ አያያዝሽ ጥሩ ነው። ግን ሲበላ ቁጭ ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ተናደድኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ሰው! ታክሲ ውስጥ ንዴቴ ሲበርድልኝ፣ የምሳ ሰዓት የእኔ የወረቀት ሰዓት መሆኑ ትዝ አለኝ። አይቼው አላውቅም።

ዘነበ ድኖ በተመለሰ በማግስቱ ወረቀቴን ትቼ መመገቢያ ክፍል ገባሁ። የምታበላው እትዬ ድንቄ ናት፤ ከተንከባካቢዎቻችን ሁሉ አንጀቷ የሚራራ። እንደምትወደው ከጉርሻዋ ማወቅ ይቻላል፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። የመጀመሪያው ገና ጉንጩ ውስጥ ሳለ ሁለተኛው ደረሰ። ዘነበ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሳል ጀመረው። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ብላ፣ ከስተሃል» ብላ ሦስተኛውን ጠቀለለች።

ይኼኔ በበሩ በኩል ካለው ጠረጴዛ ሳህን ወደቀ። ብርቄ ናት።

ብርቄን ላስተዋውቃችሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምትናገራቸው ቃላት አምስት አይሞሉም። በግቢው የምትታወቀው ግን በአመሏ ነው፤ ለዘነበ የተጠቀለለ ጉርሻ ከሰው እጅ ትነጥቃለች። የሌላ ሰው ሳህን ነክታ አታውቅም። ይኼ ሊያስገርመኝ ሲገባ አላስገረመኝም። አንድ እሑድ ልደታቸውን ከኛ ጋር ሊያከብሩ ከመጡ ቤተሰቦች እጅ፣ ካሜራ እየቀረጸ፣ መንጭቃ ወሰደችና አሳፈረችን። በማግስቱ ፋይሏ ላይ፣ «የሰው ምግብ የመንጠቅ ጠባይ ታሳያለች፤ በምግብ ሰዓት ለብቻዋ ትቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ከዘነበ ጎን ተነስታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

እና ያን ዕለት ከዚያ ተነስታ እየሮጠች መጣች። ጉርሻውን ከእትዬ ድንቄ እጅ መንጭቃ አፏ ውስጥ ጨመረችው።

«አየሽልኝ አይደል ሲስተር? ይቺን ሌባ ምን ላድርጋት?» አለች እትዬ ድንቄ።

ልቆጣ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ብርቄ ግን አልሸሸችም። እያላመጠች በሁለት ጣቷ የዘነበን አገጭ ወደ ታች ዝቅ አደረገችው። ጉሮሮውን ትኩር ብላ አየች። ጠበቀች። ሲውጥ ጠብቃ ከሳህኑ የጥፍር ያህል ቆርሳ ሰጠችው። ደግማ ጠበቀች። አልሳለም።

ቁጣዬን ትቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አንዳንድ ሰው በደንብ አይውጥም፤ ቸኩሎ ወይም አብዝቶ ያጎረሱት እንደሆነ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባና የሳንባ ምች ይሆናል። አገጩን ዝቅ፣ ጉርሻውን ትንሽ፣ አጉራሹን ትዕግሥተኛ ማድረግ ነው መፍትሔው። ይኼን እኔ ኮሌጅ ገብቼ ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። እሷን ማንም አላስተማራትም።

ቢሮዬ ገብቼ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ብርቄን ካስነሳሁበት ቀን እስከ ዘነበ የመጀመሪያ ሕመም አምስት ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድም ጊዜ ሳንባ ምች አልያዘውም። ሦስቴ ሞት አፋፍ ያደረሰው ብርድ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለእትዬ ድንቄ ስነግራት ደግሞ «እኔ እኮ እንዲጠግብልኝ ብዬ ነው» ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እሷ በፍቅር፣ እኔ በፊርማ፤ ሰውዬውን ተጋግዘን ልንገድለው ነበር።

አሁን ብርቄ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። እንግዶች ቅር ይላቸዋል። የባለቤታቸውን ሙት ዓመት ምክንያት አድርገው የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ማጉረስም ተከለከለ?» አሉኝ። «አባባ፣ ብርቄን ያስፈቅዱ» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ብርቄ ግን ጉርሻቸውን ተቀብላ አራት ቦታ ከፈለችውና አንዷን መለሰችላቸው። ሽማግሌው በእጃቸው ይዘው፣ ዘነበ እስኪውጥ ተራ ጠበቁ። የዘንድሮን ክረምት ዘነበ ሳይስል ወጣው።

ባለፈው ወር ደግሞ ልምድ አካፍይ ተብዬ ከሌሎች ቤቶች በመጡ ነርሶች ፊት ቆምኩ። የዘነበን ታሪክ ነገርኳቸው። አንዱ እጁን አውጥቶ «መንስኤውን እንዴት ደረስሽበት?» አለኝ። «በምግብ ሰዓት በተደረገ ጥንቃቄ የተሞላበት ክትትል» አልኩ። ሁሉም ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ክትትሉ የማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። የምስክር ወረቀት በስሜ ተጽፎ መጣ። አጨበጨቡልኝ። ተቀበልኩ።