ካልሞተ አትሞትም

ሰው ሲጨንቀው ማሰብ የሚያቆም ይመስላችኋል? እኔ እንደዚያ ክረምት አስቤ አላውቅም። ጤና ሲኖር አእምሮ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ፍርሃት የገባው ቀን ግን ከምልክት ወደ ምክንያት፣ ከአንድ ነገር ወደ ሁሉም ነገር ሲዘል ይውላል። የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ወረታ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የፎገራ ሜዳ ውሃ በተኛበት በአንድ የሐምሌ ገበያ ቀን፣ ጭራው የተቆረጠ ቀይ ውሻ መጥቶ ባቴን ነከሰኝ። አልጮኸም። ነክሶ ሄደ።

እጀ ጠባብ ሊያሰፉ ከቁሐር ሚካኤል የመጡት መሪጌታ ቁስሌን አዩና፣ "እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል። ይኼ ግን ከሜዳው ውሃ ሲዋኝ ወጥቶ ነው የመጣው። ስለዚህ እብድ አይደለም" ብለው ፈረዱ። ጨው ነጋዴው ጎረቤቴ ሐጂ ኑሩ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተነክሰው ምንም ስላልሆኑ፣ "የወረታ ውሻ አያብድም" አሉ። ባለቤቴ ዘይነብ ብቻ፣ "ሳይጮህ የሚነክስ ውሻ ጤና የለውም" አለች። እናንተ ማንን ታምኑ ነበር? እኔ የሚያስፈራኝን አመንኩ።

ክሊኒክ ሄድኩ፤ ቁስል አሻጊው ድሬሰር ቁስሌን በሳሙና አጥቦ፣ "ውሻውን አስራችሁ አሥር ቀን ጠብቁት፤ ካልሞተ አንተም አትሞትም" አለኝ። እየሮጥኩ ስመለስ ጎረቤቶቼ ዱላቸውን ተደግፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

"አይዞህ ሰይድ፣ ገድለን ጎርፍ ውስጥ ጥለነዋል" አሉኝ።

እንግዲህ ውሻው ካልሞተ አልሞትም ተብዬ ነበር። ውሻው ሞተ። በዱላም ቢሆን ሞተ። መሪጌታ፣ "ልጄ፣ ካልሞተ ትድናለህ ማለት ከሞተ ትሞታለህ ማለት አይደለም" ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። ገባኝ። ግን አላመንኩም፤ ልጆቹን አደራ ብዬ ለዘይነብ መናዘዝ ጀመርኩ።

"ኑዛዜውን ተወውና ጫማህን አጥልቅ፤ ጎንደር እንሄዳለን" አለችኝ።

በእህል መኪና ተጭነን ሄድን። ሐኪም ቤት የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ሆዴን በየቀኑ ይወጉኝ ጀመር። ራሴን ባመመኝ ቁጥር "ጀመረኝ" እላለሁ፤ ሳያመኝ ሲቀር ደግሞ "ተደብቆ ነው" እላለሁ። ዘይነብ አጠገቤ ተቀምጣ ጣቶቿን ትቆጥራለች። የምትቆጥረው የመርፌውን ቀን ይሁን የእኔን አልጠየቅኋትም።

መርፌው አልቆ ስንመለስ፣ ከመኪናው ወርጄ ቀና ስል፣ ጭራ ቆራጣው ቀይ ውሻ ሥጋ ቤቱ ደጅ ተጋድሞ ዝንብ ያባርራል። ዘይነብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጎረቤቶቼ ለካ የገደሉት ሌላ ነበር።

መሪጌታ "አላልኩህም?" አሉኝ። ሐጂ ኑሩም "አላልኩህም?" አሉኝ። ጎረቤቶቼም ውሻውን ትክ ብለው አይተው፣ መርፌው ለእሱም ሳይተርፍለት አልቀረም ተባባሉ። ሁሉም ልክ ሆኖ ወደየቤቱ ገባ።

በቅላቱ ብቻ የተፈረደበት ያ ሌላው ውሻ የማን እንደነበረ ግን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።