ጋሽ አብዱልሰመድ ለኬሚስትሪም ሰው አላቸው

በየከተማው "ሰው አለኝ" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። መንግሥት ሲለወጥ አይለወጥም፤ ደመወዝ የለውም፤ ጡረታም አይወጣም። ጥርስህን ቢያምህ ሰው አለው። ላምህ ብትጠፋ፣ መታወቂያህ ላይ የአያትህ ስም ተሳስቶ ቢጻፍ፣ ሚስትህ አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ብትገባ፣ ለሁሉም እዚያ ማዶ የሆነ ቦታ አንድ ሰው አለው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሲገኝም ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

በሐይቅ ከተማ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ አብዱልሰመድ ናቸው። የወልድያ ሚኒባሶች ከሚጣሩበት ፊት ለፊት ጨውና ሳሙና የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ሱቋ ተከፍታ ከምትውልበት ተዘግታ የምትውልበት ይበዛል፤ ክቡርነታቸው የሰው ጉዳይ ይዘው መንገድ ላይ ናቸውና። ሚስታቸው እትዬ ዙሌይካ በመስኮት ብቅ ብለው፣ "ሳሙና የምትፈልጉ እኔን ጥሩኝ፤ ሰው የምትፈልጉ ጠብቁት" ይላሉ።

እናቴን ጥርሷን ባመማት ጊዜ የጋሽ አብዱልሰመድን ሰው ፍለጋ ውጫሌ ድረስ ሄድን። ፀጉር አስተካካይ ሆኖ አገኘነው። "እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ዋናው እሱ ነው" አሉን፣ ምንም ሳያፍሩ። እኔ በሥነ ጽሑፍ ተመርቄ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ደግሞ "ለግጥምም ሰው አለኝ" ብለው ወደ አንድ የመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ወሰዱኝ። ሰውየው ለየሟቹ አራት አራት መስመር ያስፈልገው ነበር። እስከ ዛሬ ብዙ አንባቢ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ቆመው ያነቡኛል፣ አንዳንዶቹም ያለቅሳሉ።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እህቴ ኑኃሚን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። ፋርማሲ ልማር ስትል ነው ያደገችው። ኅዳር ላይ የኬሚስትሪ መምህራቸው ዝውውር አግኝቶ ሄደ፤ የሚተካው አልመጣም። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የስፖርት መምህሩ እየገባ "ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ" ይላቸው ነበር። ኑኃሚን ድምፅ ሳታሰማ አነበበች። መጽሐፉም ድምፅ አላሰማም።

እኔ ልረዳት ሞክሬ ነበር። ሞል ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ቃሉን ደጋግሜ አልኩትና ደስ የሚል ድምፅ እንዳለው ነገርኳት። መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"ወንድምዬ፣ ኬሚስትሪ ከጣለኝ እዚሁ ነው የምቀረው" አለች። "አንተ እንኳ ወጥተህ ተመልሰህ ነው።"

እናቴ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በቀጥታ ወደ ሱቋ ሄደች። አስጠኚ እንደሚፈለግ ተናግራ ሳትጨርስ ክቡርነታቸው ሚዛኑን አስቀመጡ።

"ለኬሚስትሪ? ሰው አለኝ።"

የመጀመሪያው ሰው አቶ ፈንታሁን ነበሩ። ኮምቦልቻ ቆዳ ሲያለፉ ኖረው በጡረታ የተመለሱ አዛውንት ናቸው። ኬሚስትሪን የሚያስተምሩት ከራሳቸው ጠባሳ ላይ ነበር። እጅጌያቸውን ይሰበስቡና "ይሄ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ይሄኛው ኮስቲክ ሶዳ። አትንኪው፣ አታሽቺው፣ ዞር በይ" ይሏታል። ኑኃሚን የተመለሰችው እናቴ ሰላጣው ላይ ኮምጣጤ እንዳታደርግ እየለመነች ነው።

ሁለተኛው ውበቱ የሚባል ወጣት ነበር። በኬሚስትሪ ተመርቆ ባጃጅ ይነዳል። ይህን ስሰማ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ መምህር አጥቷል፤ የኬሚስትሪ ምሩቁ ከአጥሩ ውጭ "ሐይቁ ዳር፣ አንድ ሰው" እያለ ይጣራል።

"ለምን አይቀጥሩትም ጋሼ?" አልኳቸው።

"በጀት የሚባል ነገር አለ" አሉኝ። "እዚያ ውስጥ ግን ሰው የለኝም።"

ውበቱ ጎበዝ ነበር። ኑኃሚን ከኋላ ትቀመጣለች፤ እሱ እየነዳ ያስረዳታል። ከመናኸሪያው ሐይቁ ዳር እስኪደርሱ አንድ ቀመር ያልቃል። ተሳፋሪም አብሮ ይማራል። አንድ ቀን ጆንያ የያዙ ሴትዮ "ልጄ፣ ሃይድሮጅኑን ተወውና ጉድጓዱን እይ" አሉት። ችግሩ ጉድጓዱ አልነበረም። ውበቱ ቀመሩን ሲጨርስ በመስታወቱ እያያት "ይሄን ሁሉ እንግዲህ እኔም አውቀዋለሁ" ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ "ፋርማሲውን ተማርሽው እንበል፤ ማን ይቀጥርሻል?" አላት። በቁጣ ቢሆን ደግ ነበር። እንደ ወንድም ነው የጠየቃት። ኑኃሚን ቤት ገብታ መጽሐፉን አልጋ ሥር ከተተችው፤ ብዙ ቀን አላወጣችውም።

ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ ጠፉ። ሱቋም ተዘግታ ከረመች። ከዚያ አንድ ጠዋት አቧራ ጠግበው ደጃችን ቆሙ።

"ሰው አለኝ። ብቻ ገዳም ውስጥ ናቸው።"

"መነኩሴ?" አለች እናቴ።

"ከመመንኮሳቸው በፊት ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር። ወላሂ።"

ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ስለዚህ አባ ጌዴዎን ከበሩ ወዲያ ግንድ ላይ፣ ኑኃሚን ከበሩ ወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አባ ጌዴዎን ቀና ብለው አያዩዋትም፤ መሬት መሬት እያዩ፣ በመቋሚያቸው ጫፍ አፈሩ ላይ እየጻፉ ነበር የሚያስተምሯት። እሷም በእንጨት በራሷ በኩል አፈሩ ላይ ጽፋ ትመልሳለች። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ጋሽ አብዱልሰመድ ከኋላችን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኢኩሊብሪየም የሚባለው ምዕራፍ ላይ ደረሱ።

"ውሃ ያለበት ድስት ክዳኑን ግጠሚ" አሉ አባ ጌዴዎን። "ውሃው ይተናል። ክዳኑን ሲነካ ጠብታ ሆኖ ይመለሳል። የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል ሲሆን ዓይን ቆሟል ይላል። አልቆመም። ሥራ ላይ ነው።"

ኑኃሚን ብዙ ጊዜ አፈሩን ስታይ ቆየችና ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ አባ ጌዴዎንም ሱባኤ ሊገቡ ሆነ። ኤሌክትሮኬሚስትሪ ገና አልተነካም ነበር። በመጨረሻው ቀን እኔን ወደ ውስጥ ጠሩኝ።

"አጎታችሁን እግዚአብሔር ያቆይላችሁ በልልኝ" አሉ።

"አጎታችን አይደሉም አባ፤ ጎረቤታችን ናቸው። እርስዎ የሚያውቋቸው መስሎኝ?"

"እኔ? እዚህ ከመምጣታቸው በፊት አይቻቸው አላውቅም። በር ላይ ቆመው የወጣ የገባውን መነኩሴ ሁሉ 'ከናንተ መሃል ኬሚስትሪ የተማረ አለ?' ሲሉ ሰነበቱ። አእምሮአቸውን የነካቸው መስሎን ዳቦ ሰጠናቸው።"

ከገዳሙ እንደወጣሁ ውበቱን ፈልጌ ጠየቅሁት። "እኔንም አያውቁኝም" አለኝ። "ተሳፍረው 'አንተስ ምን ተምረህ ነው?' አሉኝ። የከተማውን ባጃጅ ሁሉ እየተሳፈሩ ሹፌሩን እንደዚያ ሲጠይቁ ነበር።"

ለካ ክቡርነታቸው ማንም የላቸውም። "ሰው አለኝ" ሲሉ "እስኪ ልሂድ" ማለታቸው ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም።

ከፋሲካ በኋላ አባ ጌዴዎን ወደ ሌላ ገዳም ተልከው ሄዱ። ያልተነካውን ምዕራፍ ኑኃሚን ብቻዋን ታገለችው። ግንቦት ላይ ተፈተነች። ውጤቱ የመጣው በክረምት፣ ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ ነበር። አላለፈችም። ሌሎቹ ትምህርቶች ደህና ነበሩ፤ ኬሚስትሪው ጎትቶ ከመቁረጫ ነጥቡ በታች አወረዳት። ጎረቤት ለቅሶ ቤት እንደሚገባ እየገባ፣ "ጤና ይስጥሽ እንጂ" እያለ ይወጣል። ኑኃሚን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

ጋሽ አብዱልሰመድ ከሰዓት በኋላ በስብሰው መጡ። ሌላ ትምህርት ቤት፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ሰው ሊጠሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን በርጩማውን ስበው አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ያ አባ ያሉሽ የድስቱ ነገር ምን ነበር?"

"ተዉኝ ጋሼ።"

"አይ፣ ሳይገባኝ ቀረ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።"

ግድግዳውን እያየች፣ በታፈነ ድምፅ ነገረቻቸው።

"አልገባኝም" አሉ። "ታዲያ ውሃው መቼ ነው የሚያርፈው?"

"አያርፍም እኮ ነው የምልዎ።"

"ክዳኑ ከተነሣስ?"

"ክዳኑ ከተነሣማ የሄደው አይመለስም። ለዚህ ነው ክዳን ያስፈለገው።" ዞረች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

"ምኑም አልገባኝም" አሉ ጋሽ አብዱልሰመድ።

ኑኃሚን ተነሣች። ጓዳ ገብታ እናቴ ከምድጃው ያወረደችውን ድስት ከነክዳኑ ይዛ መጣችና ፊታቸው አስቀመጠችው። ክዳኑን ገልብጣ ጠብታዎቹን አሳየቻቸው። "ይሄው፣ ይሄ የተመለሰው ነው። ልብ ብለው ይዩ እንጂ ጋሼ" አለች፣ ቆጣ ብላ። እናቴ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍናለች።

ክቡርነታቸው ጠብታዎቹን ትክ ብለው አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንደገና ንገሪኝ።"

እኔ አውቃለሁ። ኑኃሚን የሳቀችበት ቀን ከገዳሙ ከተመለስን በኋላ በሱቋ በኩል ሳልፍ፣ የድስቱን ነገር ለእትዬ ዙሌይካ አንዲት ሳያጓድሉ፣ ከአባ ጌዴዎንም ከእህቴም በተሻለ ሲያስረዱ በመስኮቱ ሰምቻቸዋለሁ።

ኑኃሚን ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ከመጀመሪያው ጀመረች።