ሰፊው ምስር ወይስ ረጅሙ ምስር?

ዛሬ በምስር ምክንያት ታስሬ ልቀር ነበር።

አዎ፣ በምስር፤ ወጥ በምንሠራበት። እናንተ ሳቁ፤ እኔ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቤቴ የገባሁት ገና አሁን ነው።

መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ላንድስኬፕ በብላክ ኤንድ ዋይት ካላነሳሁ ያመኛል። ያለችኝ አንዲት ያገለገለች ዲጂታል ካሜራ ናት። ሌንሱን የምዋሰው ከጓደኛዬ ከሐሰን ነው።

በዐረብኛ ሌንስ «አደሳ»፣ ምስር ደግሞ «አደስ» ነው። ታዲያ እኔና ሐሰን ሌንስን ሁሉ «ምስር» ማለት ለመድን። ሰፋ አድርጎ የሚያሳየው ሰፊው ምስር፣ ከሩቅ የሚስበው ረጅሙ ምስር። ጎበዞች አይደለን?

ጠዋት ግድቡ ወዳለበት ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ወረድሁ። ወንዙ ዳር ጎርፍ የቦረቦረው ገደላገደል አለ፤ ደመና ሲያጠላበት ለብላክ ኤንድ ዋይት የተፈጠረ ነው። ከግድቡ ራቅ ብዬ ቆምሁ፤ ጀርባዬንም ሰጠሁት። ግድብ ማንሳት ክልክል ነው፤ ሞኝ አይደለሁማ።

ሌንስ መምረጥ ግን አቃተኝ። በሰፊው ሰማዩ ይገባል፣ ገደሉ ግን ያንሳል። በረጅሙ ገደሉ ይቀርባል፣ ሰማዩ ይቀራል። ለሐሰን ደወልሁ።

ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ጮህሁ። «ሰፊው ምስር ይሻላል ወይስ ረጅሙ? ምስር! ምስር እኮ ነው የምልህ!»

«ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ!» አለኝ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ወታደር ነው። አማርኛ አይሰማም። የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ በዐረብኛ ደግሞ ምስር ማለት ግብፅ ነው!

ግድብ አጠገብ፣ ካሜራ ይዞ፣ በስልክ «ግብፅ፣ ግብፅ» እያለ የሚጮህ ሐበሻ። አለቀልኝ አልሁ።

አለቃው ዘንድ ወሰደኝ። አለቃው የስደተኛ መታወቂያዬን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ያቺ ካርድ ከሌለችኝ ልጆቼን እዚሁ ትቼ በመተማ በኩል መሸኘቴ ነው።

«ጀናቡ፣ ምስር ማለት አደስ ነው» አልሁት በዐረብኛ።

«ለአደስ ስልክ ይደወላል?»

«የሚበላው አይደለም፤ አደሳ ለማለት ነው።»

«አሁን አደስ አላልህም?»

ባብራራሁ ቁጥር ባሰብኝ። የካሜራውን ስክሪን አየና «ቀለሙስ?» አለ። «አጥፍቼው ነው» አልሁ። «ለምን አጠፋኸው?» ብሎ ወታደሩን ዞር ብሎ አየው። ምን ልበለው? ኮንትራስት ልበለው?

በመጨረሻ ምግብ የሚያበስሉላቸውን የጎንደሯን እትዬ ታንጉትን አስጠራ። ከነጭልፋቸው መጡ። «በቋንቋችሁ ምስር ምንድን ነው?» አላቸው።

ወጥ የሚንጠባጠብበትን ጭልፋ አሳዩት። «ምሳህ ነዋ።»

አለቃው እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዓይኔ ኪሱ ላይ ነበር። መታወቂያዬን መለሰልኝ፤ ፎቶዎቹን ግን አንድ ሳይቀር ዲሊት አስደረገኝ።

እትዬ ታንጉት ነገሩን ሰምተው ሲሸኙኝ «ልጄ፣ ሌንስን ሌንስ ብትለው ምን ቸገረህ?» አሉኝ።

አላለቀም! ስመለስ ኬላ ላይ አውቶቡሳችን ቆመ። ፖሊሱ አጠገቤ ቆሞ መታወቂያዬን ሲያገላብጥ ሚስቴ ደወለች። የእሷ ድምፅ ስፒከር አይፈልግም። «ራት ምን ልሥራልህ? ምስር ላድርግልህ? ምስር?»

ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

አሁን አኩርፋለች፤ ድስቱም አልተጣደም። ልታረቃት እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ሥሪልኝ ልበላት? እባካችሁ፣ ለዚያ ወጥ ሌላ ስም ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በድምፅ እንዳትልኩብኝ ብቻ።