ጠበል አልይዝ ያለው መኪና

ሰነፍ ሰው ቤት አያፈርስም። ቤት የሚያፈርሰው ሰውን ለማስደሰት ደፋ ቀና የሚል ትጉህ ነው። ካላመናችሁኝ የአክስቴን መኪና ጠይቁ። አፍ ቢኖረው ኖሮ በስሜ ጠርቶ ይከሰኝ ነበር።

እኔ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። «ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ» የተባለውን ጽሑፍ ሦስት ገጽ አድርጌ የማስረክብ፣ መምህሩ ሲያስነጥሱ እንኳ «ይማርዎ» ለማለት እጄን የማወጣ ዓይነት ተማሪ። የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ከአክስቴ ከእትዬ የሺና ከባለቤታቸው ከጋሼ ተፈራ ጋር ነው። ኮሌጅ የምሄደው በሁለት አውቶቡስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚመጣው ደስ ሲለው ነው።

በዚህ መሐል አክስቴ መኪና ገዙ። ያገለገለ ነው፤ ለእኛ ግን አዲስ ነው። የተገዛው አሌክሳንድሪያ ከሚባለው ጎረቤት ከተማ በመሆኑ አክስቴ ልባቸው ሞልቷል። «ድሮ ጳጳስ ይመጣልን የነበረው ከእስክንድርያ ነው፤ ዛሬ መኪና ቢመጣ ምን ይገርማል?» አሉ። ጋሼ ተፈራ ያኛው እስክንድርያ ግብፅ አገር መሆኑን ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። በትዳር የከረመ ሰው አፉን የት ላይ እንደሚዘጋ ያውቃል።

አክስቴ ቁልፉን ዓይኔ ፊት አንጠለጠሉት።

«ኢንሹራንሱ ላይ ስምሽን አድ አድርጌያለሁ። እኔ የምሠራው ማታ ነው፤ ቀን ቀን ኮሌጅ ትሄጂበታለሽ።»

እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉ ግን ተመልሶ ቦርሳቸው ውስጥ ገባ።

«መጀመሪያ እሑድ አባ ወልዴ ጠበል ይርጩት። በማን እጅ እንደኖረ አናውቅም። ጠበል ሳይነካው ቁልፉን አትነኪም።»

እንግዲህ ዝም ብዬ እሑድን ብጠብቅ ኖሮ እናንተም ይህን ወግ አታነቡም ነበር። እኔ ግን ዝም ማለት መቼ ይሆንልኛል…

«እስከ እሑድ እኔ ፖሊሽ አድርጌ፣ ዋክስ ቀብቼ አብለጨልጨዋለሁ» አልኩ።

ማን ጠየቀሽ? ማንም።

ሻጩ ቀለሙን «ሜታሊክ ሰማያዊ» ነው ያሉት። ለዓይን ግን ብዙ ጊዜ የታጠበ ጂንስ ይመስል ነበር። ጋሼ ተፈራ እዚያው አሌክሳንድሪያ የምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ስለሚሠሩ መኪና ያውቃሉ። ዋክሱንም ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው።

«ሜታሊክ ቀለም ውስጡ የሚያብረቀርቅ ብናኝ አለው» አሉኝ። «ላዩን በፖሊሽ ስታለሰልሺው ብርሃን ይገባና ብናኙ ይነቃል። ከዚያ እንዳይደበዝዝ ዋክስ፣ ማለት ሰም፣ ትቀቢዋለሽ፤ ሲደርቅ ትጠርጊዋለሽ። አንድ እጅ ብቻ።»

«እሺ ጋሼ።»

«አንድ እጅ ነው ያልኩሽ።»

«እሺ ጋሼ፣ አንድ እጅ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መኪናውን ጥላ ውስጥ አቆሙልኝና አጠብኩት፤ አደረቅኩት፤ ፖሊሹን በስፖንጅ ክብ ክብ እያደረግኩ ማሸት ጀመርኩ። ኮፈኑን ስጀምር ጤነኛ ሰው ነበርኩ፤ ጣሪያው ላይ ስደርስ ክንዴ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ግን ፖሊሹን በጨርቅ ስጠርገው ከሰማያዊው ሥር ብናኙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ድካሜም ጠፋ። ዋክሱን ቀባሁ። ሲደርቅ ጉም መሰለ፤ ስጠርገው ፊቴን አየሁበት።

አንድ እጅ እንዲህ ካደረገው፣ ሁለት እጅ ምን ሊያደርገው ነው? ደገምኩት።

ሁለተኛውን ጠርጌ እንደጨረስኩ የጎረቤት ድመት ዘላ ኮፈኑ ላይ ወጣች። ወጣች ከማለቴ በሌላው በኩል ተንሸራታ ወረደች። ዞራ በጣም በተቀየመ ፊት አየችኝ። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ግን የድመቷን መውደቅ እንደ ጥሩ ውጤት ቆጥሬ ሦስተኛውን ቀባሁ።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ መኪናችን ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ፀሐይዋን ለብቻው ይዟታል። አባ ወልዴ የአክስቴ የንስሐ አባት ናቸው። ጠርሙሱን ይዘው መጡ፤ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ሲሉ ራሳቸውን አዩና ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

«መኪና ነው ያላችሁኝ ወይስ መስተዋት?» አሉ።

አንገቴ በኩራት ረዘመ። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። አባ ጸሎቱን አደረሱና ጠበሉን ረጩ።

ጠበሉ ኮፈኑ ላይ አረፈ… ማረፍ ከተባለ። ወዲያው እየተኮማተረ ክብ ክብ ሠራ፤ ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ሆነ፤ ከዚያ ተንከባሎ አስፋልቱ ላይ ወረደ። አባ ደግመው ረጩ። ተንከባለለ። ጣሪያውን ረጩ። እየተሽቀዳደመ ወረደ። መኪናው ጠብታ ሳያስቀር እያብረቀረቀ ቆመ።

አክስቴ በጣም ቀስ ብለው፣ «አልተቀበለም» አሉ።

ከኋላችን የቆሙ አንዲት እናት ጠጋ አሉ። «የሺዬ፣ ከየት ነው የገዛሽው?»

«ከአሌክሳንድሪያ» አሉ አክስቴ። ድምፃቸው ውስጥ ያ የጳጳሱ ኩራት የለም።

«የፊተኛውን ባለቤት ታውቂዋለሽ?»

«ኧረ አላውቀውም።»

«እንግዲህ…» አሉ ሴትዮዋ።

«እንግዲህ» ብለው የሚያቆሙ ሰዎችን ፍሩ፤ ቀሪውን የሚጨርሰው የሰሚው ፍርሃት ነው።

ጋሼ ተፈራ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ስንት እጅ ቀባሽው?»

«ሦስት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በቃ፣ ነገ እመልሰዋለሁ» አሉ አክስቴ፤ ቁልፉን ነድተው ካመጡት ከጋሼ እጅ ወስደው ቦርሳቸው ውስጥ ጣሉት። የቦርሳው ዚፕ ሲዘጋ ሁለተኛው አውቶቡስ፣ ያውም ዘግይቶ፣ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚያ ላይ ኬሚስትሪ እየተማርኩ ነው። ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው የምማረው?

«አክስቴ፣ አይስጉ፤ ሳይንስ ነው» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮው ውኃ ይፈራል።»

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።

«ውኃ ይፈራል ነው የምትለው?» አሉ ሴትዮዋ፣ ዞረውም ለአጠገባቸው ሰው ነገሩ። ወሬው ሁለተኛው የመኪና ረድፍ ጋ ሲደርስ «ጠበል ይፈራል» ሆነ። በሩ ጋ ሲደርስማ መኪናው «አትርጩኝ» ብሎ ጮኾ ነበር።

አባ ወልዴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «የሺ፣ ጸሎቱ ደርሷል። ጠበል እንደ ቀለም ካልተጣበቀ ብለሽ ነው?»

«አባ፣ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ። ሲሸሽ ነው ያየሁት።»

አባ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ልብሽ እንዲያርፍ የተቀባው ይታጠብና በሚመጣው እሑድ አምጡት።»

«በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይለቃል» አሉ ጋሼ ተፈራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «በለስላሳ ጨርቅ» ብለው ጨመሩ።

«እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» የተባለችው ሴት እኮ የተሳሳተችው አንድ ጊዜ ነው። እኔ ሳምንቱን በሁለት አውቶቡስ ስመላለስ ከርሜ፣ ቅዳሜ ደግሞ በገዛ እጄ የኳልኩትን በገዛ እጄ ፈግፍጌ አወረድኩ። በለስላሳው ጨርቅ ታጥቦ ለቆ ነበር። ግን አንዲት የዋክስ ቅንጣት ቀርታ ብታዋርደኝስ? ለጥንቃቄ ብዬ በስፖንጁ ሸካራ ጎን ደገምኩት። ጋሼ ተፈራ በመስኮት እያዩኝ ነበር። ከዚያ መጋረጃውን ዘጉ።

በሁለተኛው እሑድ አባ ጠበሉን ሲረጩት ኮፈኑ ላይ ተንጣሎ ቀረ። ጣሪያው ረጠበ፤ በሮቹ ረጠቡ፤ ስፖኪዮው ሳይቀር ረጠበ። አክስቴ እልል አሉ። «እንግዲህ» ያሉት ሴትዮ ሳይቀሩ አብረው እልል አሉ።

«ማን ነው የሚነዳው?» ሲሉ ጠየቁ አባ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«መንጃ ፈቃድሽን መቼ አወጣሽ?»

«ባለፈው ወር።»

አባ ጠርሙሱን አዩት። እኔን አዩኝ። የቀረውን በሙሉ አናቴ ላይ ገለበጡት። «ለዚህች ይበልጥ ያስፈልጋል» አሉ።

እኔ ላይ አንድም ጠብታ አልተንከባለለም፤ እስከ ካልሲዬ ሠረገ። አክስቴ ረክተው አዩኝና ቁልፉን በረጠበው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ መኪናውን በኩራት መዞር ጀመሩ። ኮፈኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጎንበስ ብለው አዩት፤ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ምነው መልኩ ደበዘዘ? ባለፈው እሑድ እንዴት ያበራ ነበር…» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ያ የቀባሽው ነገር ተርፏል?»

ጋሼ ተፈራ ደመና መቁጠር ጀመሩ።

እኔ ጠበሉ ገና ከቅንድቤ እየተንጠባጠበ፣ ቁልፉን ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ማስደሰት ይቅርብኝ አልኩ።

«አልቋል፣ አክስቴ።»

የዋክሱ ጣሳ ገና ግማሽ ነው፤ አልጋዬ ሥር አለ። እናንተ ግን ምንም አላነበባችሁም።