ከነነዌ በኋላ፣ ከሁዳዴ በፊት

የክለቡን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ እዚህችው ላይ ማንበብ ታቆማላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ ማጨብጨብ ትጀምሩና የምላችሁን አትሰሙም። እንግሊዝ አገር ያለ ክለብ ነው፤ ይኸው ይበቃል። ማልያው ቀይ ነው ብል እንኳ ጠብ አይጠፋም።

እኔ ራሴ ደጋፊ አይደለሁም። ይህን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። እዚህ "ክለብሽ ማነው?" ሲባሉ "የለኝም" ማለት፣ "ሃይማኖትሽስ?" ሲባሉ "ገና እያሰብኩበት ነው" እንደማለት ነው። ስለዚህ ፈገግ እላለሁ። የዓይን አፋርነት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሰው ፈገግታዬን ወስዶ ለራሱ ክለብ ይቆጥረዋል።

ደጋፊው አጎቴ ናቸው፣ ጋሼ ይርጋ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለችው ሱቃቸው ልብስ ይሰፋሉ። የሰው ወገብ በዓይናቸው ብቻ ለክተው የማይሳሳቱ ሰው ናቸው፤ ቡድናቸው ያልተሸነፈ እንደሆነ ነው ታዲያ። ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት የተሰፋ ሱሪ አንድ እግሩ ይረዝማል ይባላል። እኔ አላየሁም። የለበሰውን ሰው ግን አውቀዋለሁ፤ ሲሄድ ያነክሳል።

ጋሼ ይርጋ ኳስ የሚያዩት ሙሉቀን የሚባል ሰው ቤት ነው። ሙሉቀን ከሻይ ቤቱ ጀርባ ሰፊ አዳራሽ ቆርቆሮ አልብሶ፣ አግዳሚ ደርድሮ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሏል። ጋሼ ይርጋ ምሰሶው አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነው። አንድ ጊዜ ይጁቤ ከተማ ለቅሶ ሄደው ሳይመጡ ቀሩ፤ ቡድኑ አራት ገባበት። ሌላ ጊዜ ወገባቸውን አሟቸው ተኙ፤ ቡድኑ ከዋንጫ ወጣ። በቃ፤ ከዚያ ወዲያ ደንብ ሆነ። ጋሼ ይርጋ ከቦታቸው ከተነሡ ቡድኑ ይሸነፋል። በጨዋታ ቀን የሚያውቁት ሰው ከሞተ፣ ቀብሩ ቶሎ እንዲያልቅ የሙሉቀን ደንበኞች በሙሉ ወጥተው አፈር ያለብሳሉ። የሟች ቤተሰብ "ምን ያህል ሰው ይወደው ነበር!" እያለ ይጽናናል።

ታዲያ የጋሼ ይርጋ ልጅ ትዕግስት ነርስ ናት። እግዜር ሲያቅድ እንዲህ ነው፤ ከዓለም ከተማ ሁሉ መርጦ ሥራ የሰጣት እዚያው ክለቡ ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት ደወለችና፣ "አባባ፣ የሳምንት ፈቃድ አለኝ፤ ይምጡና ሜዳ ወስጄ ጨዋታ ላሳይዎት" አለቻቸው። እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ጋሼ ይርጋ አልጮሁም፣ አልዘለሉም። የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ ጨርቁ አልቆ መርፌው ባዶውን ይሰፋል።

ጉዞውን እንዳቅድ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ የለ! ስለ አንድ የሞተ ባለቅኔ ይህን ያህል ገጽ ጽፋ የተመረቀች ልጅ፣ አንድ በሕይወት ያለ ልብስ ሰፊ እንግሊዝ ማድረስ እንዴት ያቅታታል? አስተያየቱ የእናቴ ነው። እኔ ከደብረ ማርቆስ አልፌ የማውቀው ባሕር ዳርና አዲስ አበባን ነው። እንግሊዝን ግን በልብወለድ ዞሬዋለሁ፤ ሰዎቹ በብዛት በብርድ ይሞታሉ።

መጀመሪያ ቀን መቁረጥ ነበረብን። ጋሼ ይርጋ ቤት ተሰበሰብን፤ ባለቤታቸው እትዬ አንጓች፣ ሙሉቀን፣ ጎረቤታቸው መሪጌታ ጥበቡና እኔ። ቀን መቁረጥ ቀላል ይመስላችኋል? መስከረምና ጥቅምት አይሆኑም፤ የተማሪ ዩኒፎርም አለ። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይገባል። ጥር ሰርግ ነው፤ ልብስ ሰፊ በጥር አገር ጥሎ ከሄደ ሙሽሮቹ ምን ለብሰው ይዳሩ? ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሰርግ። ሰኔ ጾም፤ ሐምሌና ነሐሴ እነሱም ኳሳቸውን አይጫወቱ።

"እንግዲያ በጾሙ ልሂድ" አሉ ጋሼ ይርጋ፣ ቀስ ብለው።

"በጾም?" አሉ እትዬ አንጓች። "ባሕር ተሻግረህ? ምን ልትበላ? ልጅቷ ሥራ ስትውል ማን ይጠብቅሃል? አንተ ቅቤን አሽትተህ ብቻ የምትለይ ሰው!"

መሪጌታ ጥበቡ የጣታቸውን አንጓ ይቆጥሩ ጀመር። የዘመን ቆጠራውን አቡሻኸር በቃላቸው የሚያወርዱ የድጓ መምህር ናቸው፤ ኳስ አያዩም፤ የጋሼ ይርጋ ቡድን መቼ እንደተሸነፈ ግን በግድግዳው በኩል ያውቃሉ። ቆጠሩ፣ ቆጠሩና ቀና አሉ። "ነነዌ ረቡዕ ያልቃል። ሁዳዴ እስኪገባ መካከል ላይ አንዲት ሳምንት ከነትርፏ አለች። የመርፌ ቀዳዳ ናት። አንተም ልብስ ሰፊ ነህ፤ እለፍባት።"

ሙሉቀን ስልኩን አውጥቶ የጨዋታ መርሐ ግብሩን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ባለችው ቅዳሜ ቡድኑ ጨዋታ አለው፤ ያውም በገዛ ሜዳው! እትዬ አንጓች እንኳ አማተቡ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ያዙ፤ ሁዳዴ የሚጀመረው እቤት ነው። እሑድ ቀትር ላይ ተነሥቶ፣ ሌሊቱን በርሮ፣ ሰኞ ደብረ ማርቆስ። ጋሼ ይርጋ ተስማሙ። በዚያች ሰዓት ተመልሰህ በእግርህ ና ቢሏቸውም ይስማሙ ነበር።

ሙሉቀን ግን ፊቱን አጥቁሮ ተመልሶ ቁጭ አለ። "ምነው?" አልነው።

"ቦታዎን ለማን ትተው ነው?" አላቸው።

መሪጌታ፣ ምንጩ ላይ የቆመ ሰው እንስራ ይናፍቃል ወይ ብለው ለማስረዳት ሞከሩ። ሙሉቀን ሊሰማ አልፈቀደም። ሰውየው ሜዳ ገቡ አልገቡ አግዳሚው ባዶ መሆን የለበትም፤ ሥጋ ዘመድ መቀመጥ አለበት። እትዬ አንጓች፣ ወንድ በሚያፏጭበት አዳራሽ ከምቀመጥ ልሙት አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም።

"መጽሐፍ ይዤ መምጣት እችላለሁ?" አልኩ።

"ፍራሽም ይዘሽ ነይ" አለ ሙሉቀን። "ብቻ ቦታው አይቀዝቅዝ።"

ቪዛው ደረሰ። ትኬቱ ተገዛ፤ ቀኑ የማይለወጥ ስለሆነ ረከሰልን። እትዬ አንጓች ጠርዙ የክለቡ ቀይ የሆነ ጋቢ አሠሩላቸው። ጋሼ ይርጋ ለደንበኛ ሁሉ "ጨዋታ ልሄድ ነው" ይሉ ነበር፤ እንግሊዝ ልሄድ ነው ሲሉ አልሰማኋቸውም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ቡድናቸውን በገዛ ሣሩ ላይ፣ በገዛ ዓይናቸው ማየት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። መሄጃቸው ሲቃረብ ሙሉቀን ሰላምታ ሳይሰጥ ሱቁ ገባ። ጨዋታው ከቅዳሜ ወደ እሑድ ተዛውሯል። እሑድ ከቀትር በኋላ። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ጋሼ ይርጋ ደመና ላይ ናቸው።

"ምን ቆርጦት ተዛወረ?" አሉ።

"ለቴሌቪዥን ተመልካች እንዲመች ነው ይላል።"

"የትኛው ተመልካች?"

ሙሉቀን መሬት መሬቱን አየ። እኔም አየሁ። ጋሼ ይርጋ ቀስ በቀስ ገባቸው። "እኛ ነና!" አሉ። "ይህን ሁሉ ዘመን ትኬት የገዛውን ሰው ቀን እያዛወርኩ መከራ ሳበላ የኖርኩት እኔው ነኝ በለኛ!"

ትኬቱን ለማስቀየር ሞከርኩ። በአፌ የማልናገረውን እንግሊዝኛ ሁሉ ለአየር መንገዱ ጻፍኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትዕግስትም እዚያ አለቀሰች፤ ፈቃዷ አይዛወር ነገር። እትዬ አንጓች እንኳ ሁዳዴን በአንድ ቀን ስለማዘግየት መሪጌታን በዘወርዋራ ጠየቁ። መሪጌታ አልሰማሁም አሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

እኔ የሚቀሩ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ይርጋ ግን ጋቢያቸውን አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ከተቱ። "እሄዳለሁ" አሉ። "ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው ጌታን እቤቱ አገኘዋለሁ ብሎ ነው እንዴ የሚሄደው?" መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሄዱ። ቅዳሜ፣ ጨዋታው በነበረበት ሰዓት፣ ትዕግስት ባዶውን ስታዲየም አስጎበኘቻቸው። እሷ በስልክ እንደነገረችኝ፣ በሩን እንደ ደጀ ሰላም ተሳለሙት። መልበሻ ክፍሉን አዩ፤ የአንዱን ተጫዋች ማልያ ስፌት ገልብጠው መርምረው "ችኮላ አለበት" አሉ። ከዚያ መቀመጫዎቹ መሐል ሲደርሱ ቆሙ። ቅር አላቸው። ሜዳው የሳቸው ሜዳ አልመስል አላቸው፤ ግራው ቀኝ ሆነ፣ ጎሉ ተጣመመ። አስጎብኚው ጥያቄ አለ ወይ ሲል ሌላው ሰው ስለ ዋንጫ ጠየቀ። ጋሼ ይርጋ በልጃቸው አፍ አንድ ነገር ጠየቁ፤ "ካሜራው የሚቆመው የት ነው?"

ሰውየው ወሰዳቸው። ከካሜራው ሥር ቆመው ሲያዩት ሁሉም በየቦታው ተመለሰ። "ይኸዋ!" አሉ አሉ። "የኔ ቦታ ይቺ ናት። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ነበርኩ።" ጋቢያቸውን ለብሰው እዚያች ቦታ ላይ፣ ባዶውን ሜዳ እያዩ ብዙ ተቀመጡ። ትዕግስት ልታስነሣቸው አልጨከነችም። እኔም ስሰማ አልሳቅሁም።

እሑድ ቅበላ ነበር። የደብረ ማርቆስ ሰው የጾሙን ሁሉ ሥጋ በአንድ ቀን በልቶ ሲያበቃ፣ ማታ ሙሉቀን ቤት ተሰበሰበ። አጎቴ አየር ላይ ናቸው። እኔን ምሰሶው ሥር በሳቸው ቦታ አስቀመጡኝ፤ ፊቴን በልብወለዴ ከለልኩ። ካነበብኩት ገጽ አንድ ቃል ገብቶኝ ከሆነ! ቢሆንም ገጹን ገለጥኩ። ጎል። ቤቱ ተናወጠ። ትንሽ ቆይቼ፣ ለማስመሰል ያህል፣ ደግሜ ገለጥኩ። ጎል። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑን የሚያይ ሰው ጥቂት ነበር። ቡድኑ ኳስ ይዞ በሄደ ቁጥር ወንዱ ሁሉ ወደኔ ዞሮ "ግለጪ! ኧረ ግለጪ እህቴ!" ይላል። መጽሐፉ ውስጥ ጀግናዋ ሳንባዋን ታማ እያጣጣረች ነበር፤ በሰላም እንኳ አላስተኛኋትም። ሦስት ለባዶ።

ጋሼ ይርጋ ሰኞ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ውጤቱን ነገርናቸው። መጀመሪያ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት። "እኔ በሌለሁበት?" አሉ።

የሙሉቀን ቤት ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ድሉ የመጽሐፉ ነው አለ፤ ገሚሱ የለም፣ ጋሼ ይርጋ አየር ላይ መሆናቸው ነው አለ። ክርክሩ ከአንድምታ ጉባኤ አይተናነስም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለፈተና እሳቸው ቦታቸው ላይ፣ እኔ አጠገባቸው ሆነን ተቀመጥን። መጽሐፉን ጨረስኩት። ቡድኑ ተሸነፈ። የአየር ወገኖች አሸነፉ።

አሁን ቤቱ በሙሉ መዋጮ ላይ ነው። ጋሼ ይርጋ እንደገና ወደ ክለባቸው ከተማ ሊላኩ ነው። ዜናውን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ "ሰው እኮ ደግ ነው" አሉ። ሙሉቀን ግን ግንባሩን እያሻሸ ቀረብ አለ። ትልቅ ጨዋታ ነው፤ የዋንጫ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ ይለምኗቸዋል። ኳሱ ሲጀመር አየር ላይ መሆን አለባቸው።

ጋሼ ይርጋ ክሩን በምራቃቸው አሹለው መርፌው ውስጥ አስገቡ።

"በመስኮት በኩል ሜዳው ይታያል?" አሉ።

ይኸው እኔም ጉዞ እያቀድኩ ነው። በጨዋታው ሰዓት ከሜዳው በላይ የሚያልፍ አውሮፕላን፣ መስኮት አጠገብ ያለ ወንበር። በካሜራው በኩል ይሁን ብለዋል።