አያ አስናቀው ላቫንዲኖ ሲሞክሩ

በየቤተ ዘመዱ አንድ ሞካሪ አይጠፋም። ሞካሪ ማለት ዕቃውን አይቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከፍሎ እንደሚሄደው እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ተራ ገዢ አይደለም። ወንበር ሊገዛ ከሄደ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ብርድ ልብስ ከሆነ ተከናንቦ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለሱቁ ጉሮሮውን ሲጠርግ አይሰማውም። አብሮት የሄደው ዘመድ ግን ይሰማል። ሞካሪን አጅቦ ገበያ መውጣት ማለት እሱ ያላፈረውን ሁሉ ለእሱ ማፈር ነው።

የሞካሪዎች ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ ሞካሪያን አያ አስናቀው፣ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው። «ዓይን ሞኝ ነው፤ እጅ ይየው» የምትል አባባል አለቻቸው። ጃንጥላ ሲገዙ ዘርግተው ከሥሩ ቆሙና ባለሱቁን ውሃ አፍስስብኝ አሉት። አህያ ሲገዙ የአህያዋን ባለቤት ራሱን ጭነው ገበያውን አንድ ዙር አስነዱት። ጎንደር ላይ ፍራሽ ሲመርጡ ደግሞ በጎን ሞከሩት፣ በጀርባ ሞከሩት፣ በመጨረሻ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባለሱቁ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ተነሡና «ሸጋ ነው፤ ግን ሕልም ያበዛል» ብለው ሳይገዙ ወጡ። አያ አስናቀው ሳይሞክሩ የሚገቡበት መቃብራቸው ብቻ ነው እያሉ ጎረቤቶቻቸው ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው ግን እሱንም ቢሆን ከቆፋሪዎቹ ጋር ተነጋግሬያለሁ ባይ ናቸው።

ያን ዕለት ፍራሹ አጠገብ ቆማ ስታፍር የዋለችው ልጃቸው ፍሬሰላም ነበረች። ፍሬሰላም ጎንደር ፒያሳ ካሉት ባንኮች ባንዱ ትሠራለች። ማራኪ ሰፈር ቤት ሠርታ ጨርሳ፣ የቀራት የመታጠቢያ ቤቱ ላቫንዲኖ ብቻ ነው። ይህን በስልክ ስትናገር አፏን ያዝ አላደረገችም። አያ አስናቀው በማግስቱ ከጎኗ ነበሩ።

ፒያሳ የሳኒተሪ ዕቃ ሱቅ ገቡ። ላቫንዲኖዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ሊቀ ሞካሪያን ጋቢያቸውን አጥፈው ለሻጩ አስያዙት፤ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ከመጀመሪያው ላቫንዲኖ ላይ ጎንበስ ብለው ያለ ውሃ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ሳሙና እንዳይገባባቸው ዓይናቸውን ሳይቀር ጨፈኑ። ይቺ ክርን ትመታለች ብለው ወደ ሁለተኛው አለፉ። እዚያ ደግሞ ተንበረከኩ። የልጅ ልጅ ሲመጣ ይደርስበት እንደሆነ ለማየት ነው አሉ፣ ሻጩ እየሰማ፣ ገና ላላገባችው ልጃቸው። ፍሬሰላም ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ።

«ምነው አባዬ፣ እግር እኮ አይታጠቡበትም» አለች በሹክሹክታ።

«ምነው? ቤትሽ የሚገባው ሰው እግር የለውም?»

ይህን ብለው የቀኝ እግራቸውን ከነጭ ላቫንዲኖው ውስጥ አኖሩት። ልክ በዚያች ደቂቃ በሩ ተከፈተና የፍሬሰላም አለቃ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ገቡ። እግሩን አዩ፤ ከእግሩ በላይ ያሉትን ሽማግሌ አዩ፤ ከዚያ ፍሬሰላምን አዩ።

«ፍሬ፣ እኚህ ሰውዬ ካንቺ ጋር ናቸው እንዴ?»

«ዕቃ የሚሸከሙልኝ ሰው ናቸው» አለች ፍሬሰላም።

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የሰማችው። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አያ አስናቀው እግራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ጋቢያቸውን ከሻጩ ተቀብለው የረገጡትን በጫፉ ወለወሉ። ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱና በሩ አጠገብ፣ ተሸካሚ የሚቆምበት ቦታ ቆሙ።

«ይምረጡ እመቤቴ» አሉ። «ሸክሙን ለኔ ይተዉት።»

አንቺ እያሉ ያሳደጓትን ልጅ ነው እርስዎ ያሏት። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም፣ አሽሙርም የለም፤ ልጃቸው አለቃዋ ፊት እንዳትዋረድ ከልባቸው እየረዷት ነበር። ሌላ ሰው እርስዎ ቢላት ክብር ነው። ከአባቷ አፍ ሲመጣ ግን ከቤት የተባረረች ያህል ተሰማት። ወይዘሮ ሸዋአየሁ እንዲህ ያለ ጨዋ ተሸካሚ ከየት አገኘሽ፣ ስልካቸውን ስጪኝ አሏት። የአባቷን ስልክ ከራሷ ስልክ በፊት ነው በቃሏ ያጠናችው፤ አላስታውሰውም አለች። ከዚያ ሳታየው ቅርቧ ያገኘችውን ላቫንዲኖ ጠቁማ ከፈለች።

ባጃጅ ውስጥ አያ አስናቀው ላቫንዲኖውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀመጡ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸውና አባትሽ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ፍሬሰላም አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን ቀደሟት።

«ተሸካሚ ነኝ ልጄ፤ መንገድህን እይ።»

ቤት ሲደርሱ ቧንቧ ሠራተኛው ሙሉቀን ይጠብቃቸው ነበር። ላቫንዲኖውን ገጠመው፣ ውሃውን ለቀቀው። አያ አስናቀው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ቀሩ። አባዬ፣ ናና ሞክረው አለቻቸው።

«የሰው ዕቃ ነው፤ እኔ ምን ብዬ እሞክረዋለሁ» አሉ። «ይልቅ ማኪናው ሳያመልጠኝ ልሂድ። እርስዎም ደህና ይሁኑ።»

ፍሬሰላም በዕድሜዋ ብዙ አፍራለች። በጃንጥላው አፍራለች፣ በአህያዋ አፍራለች፣ ፍራሹ ላይ ሲያንኮራፉ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ተመኝታለች። ያ ሁሉ ግን በአባቷ ማፈር ነበር። በራሷ ማፈር እንዲህ እንደሚያንገበግብ አታውቅም ነበር። አሁን ዝም ካለች እኚህ ሰውዬ የልጃቸውን ላቫንዲኖ ሳይሞክሩ አምባ ጊዮርጊስ ሊገቡ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ተብለው ይመለሳሉ?

ጫማዋን አወለቀች። የሥራ ጉርዷን በአንድ እጇ ሰበሰበችና የቀኝ እግሯን አንሥታ ላቫንዲኖው ውስጥ ከተተች። ውሃው ወለሉን አጠበው። ሙሉቀን መፍቻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እዚያ በር ላይ የቆመው ሰውዬ አባቴ ነው» አለች፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እሱ ሳይሞክር አይገዛም። እኔ ልጁ ነኝ። ዛሬ ግን ሰው ፊት ተሸካሚዬ ነው ብዬ ካድሁት።»

ሙሉቀን ወደ በሩ አየ። በአንድ እግር መቆም ለባንክ ሠራተኛ የሚሆን ነገር አይደለምና ፍሬሰላም መንገዳገድ ጀመረች፤ ቧንቧውን ልትይዝ ስትል አመለጣት።

«ግድግዳውን ያዢ፤ ትወድቂያለሽ አንቺ» አሉ አያ አስናቀው።

ፍሬሰላም ግድግዳውን ያዘች፤ እንባዋ ግን አልተያዘም። አያ አስናቀው ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ጋቢያቸውን አጥፈው ለሙሉቀን አስያዙት፤ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ።

«ዞር በይ እስቲ፤ እንዲህ አይሞከርም።»

ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ታጠቡ። ክርናቸውን ግራና ቀኝ አወናጨፉ። ተንበርክከው ለኩ። በመጨረሻ እግራቸውን አስገብተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው አበሱና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ሸጋ አይደለችም፤ ውሃ ትተፋለች። ነገ ሱቁ ድረስ ይዘናት እንመለሳለን» አሉ። «አንቺ ትሸከሚያለሽ።»