ለሽጉጥ የተገዛ መነጽር

ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗት «ዓይኔ እንደ ድሮው ነው» የምትል ሴት ሁሉ ውሸታም ናት! ከእኔ ጀምሩ። ወንዶቹ ቢያንስ ወረቀቱን ክንዳቸው እስኪያጥር ድረስ ዘርግተው ሲያነቡ ተጋልጠው ይታያሉ። እኛ ግን የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ሲያቅተን «ዘንድሮ ጽሑፍ ማሳነስ ፋሽን ሆነ» ብለን ፋብሪካውን እንራገማለን።

መነጽር የማላደርግበት ምክንያት አለኝ። በቤተ ክህነት «አራት ዓይና» ማለት የሊቅ ማዕረግ ነው፤ በሠፈራችን ልጆች አፍ ግን ስድብ ነበር። መነጽር ያደረገችውን የጎረቤታችንን ልጅ «አራት ዓይና» እያልኩ ያስለቀስኳት ደግሞ... እኔው ነኝ። በራሴ አፍ የጠረብኩትን ስድብ በራሴ አፍንጫ ላይ ልሸከመው? አላደርገውም!

በዚያ ላይ የባሌ እህት አለች።

ስሟን አልጠራም። ነፍሱን ይማረውና ባሌ አንድ እህት ብቻ ነው ያለችው፤ ስለዚህ ማን እንደሆነች ለመለየት ምርመራ አያስፈልጋችሁም። በሠርጌ ቀን ቬሎዬን ለብሼ ስገባ፣ እንድሰማት ጮክ ብላ ለሚዜዎቹ «ወንድሜ ዓይኑን ምን ነካው?» ያለች ሴት ናት። ይኸው እስከ ዛሬ እሷ «አንቺ» ትለኛለች፣ እኔ ታላቅ ናት ብዬ «አንቱ» እላታለሁ። በአንቱታ ምን ያህል መራገም እንደሚቻል የማያውቅ ካለ መጥቶ ይጠይቀኝ።

ጣጣው የጀመረው ዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ያለው የሀበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ነው። በርበሬ ልገዛ ገብቼ፣ ከመደርደሪያው ጥግ የጤፍ ከረጢት ተከምሮ አየሁ። መንገድ ዘግቷል። «እንዲህ ሰው መተላለፊያ ላይ ይከመራል?» ብዬ አጉረምርሜ፣ ዞሬ አለፍኩ።

እሑድ ልጄ ሜሮን ቤቴ መጣች። እዚሁ ዳላስ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። ከኋላዋ ማን ተከትሎ ገባ? የባሌ እህት! ሶፋዬ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ማሚ» አለች ልጄ፣ «አክስቴን ግሮሰሪ ውስጥ ሰላም ሳትያት አለፍሽ አለችኝ። ዓይንሽ ቼክ መደረግ አለበት።»

የጤፍ ከረጢቱ ለካ እሷ ኖራለች!

«ፊት ለፊቷ ቆሜ» አለች የባሌ እህት፣ እንደ አዛኝ። «ጭራሽ እኔን እያየች ታጉረመርማለች። ባለፈው ወር ደግሞ ኧርቪንግ ሄዳ መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ ከምሶሶ ጋር ተጋጭታለች። ልጄ፣ ሰው ሳትጨርስ የመኪናዋን ቁልፍ ተቀበያት።»

«ምሶሶው ነው የገጨኝ!» ልል ነበር። ተውኩት።

«ሶ፣ ማሚ... ዓይንሽን እስክትታዪ ቁልፉን እኔ ልያዝልሽ፣ ኦኬ?»

ቁልፌን! ዳላስን የማታውቁ አንባቢዎቼ ልንገራችሁ፤ ይህ ዳቦ ለመግዛት ሀይዌይ የሚወጣበት አገር ነው። ቁልፍ የሌለው ሰው ቤተ ክርስቲያን የለው፣ እድር የለው፣ ሐሜት የለው! ልጁ ከሥራ እስክትወጣ በመስኮት የሰው መኪና ሲቆጥር የሚውል ነው። ሁሉን ሰጥቻለሁ፤ ወገቤን ለሥራ፣ ጉልበቴን ለደረጃ። ቁልፌን ግን አልሰጥም።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። «አላየኋትም» ካልኩ ዕውር ነኝ፣ ቁልፌ ይሄዳል። «አይቻታለሁ» ካልኩ ባለጌ ነኝ፣ ስሜ ይሄዳል። አሰብኩ። ባለጌ ሆኖ የሚነዳ ሰው ዳላስ ውስጥ ሞልቷል፤ ፈቃድ አይነጠቅም።

«አይቼዎታለሁ!» አልኩ። «ሆን ብዬ ነው ያለፍኩዎት!»

ልጄ በእጇ አፏን ያዘች። የባሌ እህት ግን ቅር እንኳ አላላት።

«ካየሽኝማ፣ ምን ለብሼ ነበር?»

ከረጢቱን አስታወስኩ። «ቡኒ!»

«ነጠላ ነው የለበስኩት» አለች። «ነጭ።»

እዚህ ላይ ብልህ ሴት ብሆን ተሸንፌ ሻይ አፈላ ነበር። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «ዓይኔ ደህና መሆኑን ማየት የሚፈልግ ካለ» ብዬ ብድግ አልኩ፣ «ቅዳሜ በባሌ ሽጉጥ ኢላማ መትቼ አሳየዋለሁ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ኦኬ» አለች ልጄ፣ ለተኩስ ሳይሆን ለሰላም ብላ። «ከስድስት አራት ከመታሽ ቁልፉ ካንቺ ጋር ይቆያል። ከሳትሽ ግን ትሰጪኛለሽ። ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ!»

«እኔ ምስክር እሆናለሁ» አለች የባሌ እህት። መቼ ቀርታ!

ባሌ የተወልኝ ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው። የቴክሳስን የዱር አሳማ አድንበታለሁ ብሎ ነበር የገዛው። አሳማ የማይበላ ሰው አሳማ ሊያድን! አንድም አሳማ ሳያይ አረፈ። ብቻ በርሜሉ ከክንዴ ብዙ አያንስም፣ ክብደቱም የሰሊጥ ሙቀጫ ያህል ነው። አያያዙንና ጥንቃቄውን በሕይወት ሳለ አስተምሮኛል፤ ያኔ ዓይን ነበረኝ።

ባዶ መሆኑን አረጋግጬ ወደ ግድግዳው አነጣጠርኩ። ከአፈሙዙ ጫፍ ያለችው ማነጣጠሪያ ሁለት ሆና መጣች። ትንሽ ቆይታ ሦስት ሆነች። ከዚያ ሁሉም ሄዱ።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። አገር ቤት ስለ አልሞ ተኳሽ ሲወራ «ባለ መነጽር ጠመንጃ» ሲባል እሰማ አልነበረም? ጠመንጃ መነጽር ካደረገ ሽጉጥ ምን ያንሰዋል? እኔ አላደርግም ብያለሁ፤ አላደርግም። ሽጉጤ ያድርግ! እሱ እንደሆነ ሐሜት አይፈራ።

ፋርመርስ ብራንች የሚባለው ሠፈር፣ ከመጋዘኖቹ መሐል አንድ የጦር መሣሪያ መሸጫ አለ። ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሽማግሌ ተቀበለኝ።

«ሽጉጤ ግላስስ ይፈልጋል» አልኩት በእንግሊዝኛዬ።

ሄዶ ቢጫ፣ የፕላስቲክ፣ የአፍንጫ መነጽር አመጣ። ለተኳሽ ዓይን መከላከያ ነው አለኝ።

«ለእኔ አይደለም! ለሽጉጡ ነው!»

ሽጉጡን አየ። እኔን አየ። እንደገና ሽጉጡን አየ። «ማም» አለኝ በትሕትና፣ «ሽጉጡ ዓይን የለውም።»

«እኔም የለኝም!» አልኩት። እናንተዬ፣ እውነቱን ለማያውቀኝ ፈረንጅ ነገርኩት! ደግነቱ አልገባውም። በመጨረሻ ጭብጤን እንደ ቱቦ አድርጌ ዓይኔ ላይ ስተክለው ነው «አሃ! ስኮፕ!» ያለው። የእኛ አማርኛ ቸር ነው፤ ለአፍንጫውም ለጠመንጃውም አንድ መነጽር ያዳርሳል። እነሱ ግን ለእያንዳንዱ ስም አውጥተውለታል።

ሽማግሌው እንደ መርፌ በቀጠነ ካቻቢቴ የኋላውን ማነጣጠሪያ ፈታ። በሽጉጡ ጀርባ ላይ የብረት መቀመጫ በብሎን አሠረ፣ ሁለት ቀለበት አቆመ፣ መነጽሩን አጋደመበትና ጠበቅ ጠበቅ አደረገው። ከዚያ በቀይ ብርሃን ከበርሜሉ ጋር አስተካከለልኝ። ሲጨርስ ሽጉጤ ከበሮ የተሸከመች ዶሮ መሰለ። የባሌ የቆዳ ማኅደር አላስገባ ስላለው ቁልፍ ባለው ሣጥን ይዤው ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን ሽማግሌው ደጋግሞ ነግሮኛል። ክንዱን እየዘረጋ፣ አንገቱን ወደ ኋላ እያሸሸ፣ ብዙ አስረዳኝ። እኔም «የስ፣ የስ» አልኩ። ምን እንዳለ? እኔ እንጃ! ያልገባንን ነገር ሁሉ በ«የስ» የምንሸኝ ሰዎች አይደለን?

ቅዳሜ ጠዋት የተኩስ መለማመጃው ቤት ደረስን። የባሌ እህት በራሷ መኪና መጥታለች፤ የቆመችው ግን ሁለት መኪና በሚያስቆም ቦታ ላይ ተጋድማ ነው። በጊዜው «ትዕቢቷ» ብዬ አለፍኩት። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ዛሬስ እታይሻለሁ?» አለችኝ።

በሩ ላይ ተቆጣጣሪው አስቆመኝ። ያለ ዓይን መከላከያ መግባት ክልክል ነው ብሎ ያንን ቢጫ መነጽር አፍንጫዬ ላይ ሰካው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ጠርጥሬም ተመነጸርኩ። ሁለት የራሴ፣ ሁለት የፕላስቲክ፣ አንድ የሽጉጥ... አምስት ዓይና ሆኜ ገባሁ። አሁንም አይታየኝም።

ቦታችን ሰባት ቁጥር ነው። በስተቀኛችን ስምንት ቁጥር ላይ አንድ ጢማም ወጠምሻ ኢላማውን ሰቅሎ ጥይቱን እየቆጠረ ነው። ጆሯችን ስለተደፈነ ሁላችንም እንጮኻለን።

ጥይቱን አጎረስኩና ሽጉጡን አነሣሁ። መነጽሩን ዓይኔ ላይ ለጠፍኩት። መነጽር ሌላ የት ይደረጋል? ጨለማ! ጥቁር ድንግዝግዝ፣ መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ብርሃን። ቃታውን ልስብ ስል ተቆጣጣሪው «ኖ! ኖ! ማም!» ብሎ በአየር ላይ መጣ። ክንዴን ይዞ ወደፊት ዘረጋው። የሽጉጥ መነጽር ለካ በተዘረጋ ክንድ፣ ከሩቅ ነው የሚታይበት! ተጠግቼ ብተኩስ ኖሮ፣ ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲረግጥ ቅንድቤን ይዞት ይሄድ ነበር። ሽማግሌው ሲያስረዳኝ የዋለው ይህን ነው። «የስ» ያልኩትም ይህንኑ!

ክንዴን ስዘረጋ ዓለም ተከፈተ። የክቡ መሐል ቀይ ነጥብ ግጥም ብሎ መጣ... ደግሞ ሄደ። መነጽሩ ያጎላው ኢላማውን ብቻ አይደለም፤ የእጄንም መንቀጥቀጥ ነው። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ወረቀት ይመጣል፣ ግድግዳ ይመጣል፣ ወረቀት ይመጣል። የቱ ነው የኔ?

«በስተቀኝ ያለው ነው!» ጮኸች ከኋላዬ የባሌ እህት። «ያውልሽ! ቀዩ!»

በስተቀኝ አገኘሁት። ትንፋሼን ያዝኩ። አንድ! ሁለት! ሦስት! በየተኩሱ መሐል ባሌ እንዳስተማረኝ እየጠበቅኩ፣ ስድስቱንም ለቀቅኳቸው። በመነጽሩ ውስጥ ቀዳዳዎቹ ጥርት ብለው ይታዩኛል፤ ስድስቱም ቀዩ ዙሪያ! በሕይወቴ እንዲህ የመታሁበት ቀን የለም። ሽጉጡን አስቀምጬ እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

ልጄ የኤሌክትሪኩን ቁልፍ ተጫነች፣ ሽቦው ኢላማችንን ጎትቶ አመጣው። እንደ ታጠበ አንሶላ ንጹሕ ነው!

ከጎናችን ወጠምሻው ኢላማውን ትክ ብሎ ያያል። ገና ሽጉጡን አላጎረሰም፤ ኢላማው ግን ስድስት ቦታ ተበስቷል። «ዋው» አለ።

«ማሚ! የሰው ኢላማ ነው የመታሽው!»

«ስድስቱም ገብተዋል!»

«የሰው ውስጥ!»

ተቆጣጣሪው ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣ። ሽጉጤን ባዶ አደረገ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገባ፣ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ። ልጄ መዳፏን ዘረጋች።

«ቁልፍ።»

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ፣ ቁልፌን ጨበጥኩ... ግን ሳላወጣው ነደደኝ። «እሳቸውን ጠይቂያቸው! በስተቀኝ ነው ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ!»

ልጄ ዞረች። «አክስቴ፣ የኛ ሰባት ቁጥር ነው። ለምን ስምንትን አሳየሻት?»

የባሌ እህት ቀና ብላ ወደ ቁጥሮቹ አየች፤ እያንዳንዳቸው ትሪ ያህላሉ። ዓይኗን ጠበብ፣ አገጯን ቀና አደረገች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ! በመስተዋት ፊት የተለማመድኩት የራሴ ነው። አላየሁም ካለች ዕውር ናት፤ አይቻለሁ ካለች ክፉ።

«ሆን ብዬ ነው!» አለች። «እንድትስት ብዬ!»

እግዜር ያሳያችሁ፣ በስንት ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህች ሴት ገባችኝ። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ልጄ ግን ነርስ ናት። «ኦኬ፣ አክስቴ። ከላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር አንብቢልኝ።»

«የቱን?»

«ያንን ትልቁን።»

«... ግድግዳው የቱ ጋ ነው?»

ልጄ ሁለተኛውን መዳፏን ዘረጋች።

ሁለቱንም ቁልፍ ተቀብላ፣ ሁለታችንንም ከኋላ ወንበር ጭና፣ ቀበቷችንን ራሷ አስራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ አቀረበችን። ለእኔ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር ታዘዘልኝ። አድርጌው ወጣሁ፤ ቁልፌም ወዲያው ተመለሰልኝ። የባሌ እህት ግን ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ተገኘ። ተራ በተራ እስኪነሳላት ድረስ መንዳት የለም ተባለ።

«ማሚ» አለች ልጄ ቁልፌን ስትሰጠኝ፣ «ሶ... እኔ ሥራ ነኝ። እስከዚያ አክስቴን ማን ያመላልሳታል?»

አሁን እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሮብ ለሐኪም፣ ከጎኔ ተቀምጣለች።

«ቀይ ነው፣ ቁሚ!»

«አረንጓዴ ነው፣ እትዬ።»

«ከእኔ ጋር ትከራከሪያለሽ? ቁሚ ብያለሁ!»

እናንተ ዓይናችሁን በጊዜ ተመርመሩ። የዘገየ ሰው ቁልፉ ይመለስለታል፤ የሚመለስለት ግን ከነተሳፋሪው ነው።